ምስጢር የሚሰማ ሰው ስለ ምን የጣቱን አሻራ ይሰጣል?

ሰው ልቡ ሲታመም ወዴት ይሄዳል? እግሩ ቢሰበር ወጌሻ አለ፤ ጥርሱን ቢያመው የጥርስ ሐኪም አለ። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር፣ ልጁን ቀብሮ ከቤት መውጣት ያቃተው፣ ወይም መጠጡን እተዋለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ምሎ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ግን ለሐኪም የሚያሳየው ቍስል የለውም። ያለው ቃል ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሰሚ ይፈልጋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ወደ ነፍስ አባቱ፣ ወደ ሸኹ ወይም ወደ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል። እኒያን አባት «ከዚህ በፊት በወንጀል ተከሰው ያውቃሉን?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። የት እንደ ተማሩ፣ ከማን ጋር እንደ ተጣሉና በምን እንደ ታረቁ አገሩ ሁሉ ያውቃልና።

ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ግን ደብሩንም ሰፈሩንም ትቶ ነው የሚሄደው። እዚያ «የአእምሮ ጤና አማካሪ» የሚባል ባለሙያ ያገኛል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበርና አንድ መብራት አለበት። በሩ ይዘጋና ለአንድ ሰዓት ጥቂት ፈሪ ለሆነ ጊዜ ባለጉዳዩ ይናገራል፤ አማካሪው ይሰማል። የሚነገረውም ነገር ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ የማይናገረው ነው። ምስክር የለም። እንግዲህ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

በአገራችን ገንዘብ ያዥ ወይም የግምጃ ቤት ጠባቂ ሲቀጠር ተያዥ ይጠራል። ተያዡም ሰውየውን የሚያውቅ፣ ቢጠፋ የሚጠየቅለት ነው። በአሜሪካ ለአማካሪው በተያዥነት የሚቆመው መንግሥት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የተያዥነቱም ወረቀት የሥራ ፈቃዱ ነው። ታዲያ ተያዥ የሚሆንለትን ሰው መንግሥት ራሱ አያውቀውም። ስለዚህም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የሰውየውን የወንጀል መዝገብ ይመረምራል። ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ምርመራ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የአማካሪነት ፈቃድ ሩቅ ታሪክ ያለው አይደለም። ሐኪሞችና ጠበቆች ፈቃድ ማውጣት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ለአማካሪዎች የፈቃድ ሕግ በመጀመሪያ ያወጣችው የቨርጂንያ ግዛት ናት፤ ይኸውም በ1976 ነው። ከሁሉም በመጨረሻ በ2009 ካሊፎርንያ ሕጉን አወጣች። አመልካቹ የማስትሬት ዲግሪ ሊኖረው፣ በብዙዎቹ ግዛቶች 2,000 ወይም 3,000 ሰዓት ያህል በሌላ ባለሙያ ተቆጣጣሪነት ሊሠራና ፈተና ሊያልፍ ይገባዋል። ዕውቀቱ በዚህ ይለካል። ጠባዩን መለካት ግን ከባድ ነው፤ የጠባይ ፈተና የሚያዘጋጅ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ ወደ አሻራው ተሄደ። አመልካቹ ወደ ተወሰነለት ቢሮ ይሄድና አሥሩን ጣቶቹን በመስተዋት ላይ ተራ በተራ ያስቀምጣል፤ ቀለሙና ወረቀቱ እየቀረ መጥቷል። ሥዕሉ በመጀመሪያ ወደ ግዛቱ ፖሊስ መዝገብ ቤት፣ ከዚያም ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ ክላርክስበርግ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው ወደ ፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ማለት ወደ ኤፍ.ቢ.አይ. ይተላለፋል። ይህ ቢሮ የአሻራ ክፍሉን ያቋቋመው በ1924 ሲሆን የጀመረውም ከ800,000 በሚበልጡ ካርዶች ነበር። ያን ጊዜ ካርዱን በዓይናቸው እያመሳከሩ የሚፈልጉት ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ከ1999 ወዲህ ሥራው በኮምፒዩተር ይከናወናል። ለፖሊስ ሥራ የተሰበሰበው መዝገብ ለሥራ ፈቃድ ጉዳይ እንዲታይ የፈቀደው ደግሞ በ1972 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ አንድ ግዳጅ አለበት፤ የግዛቱ ምክር ቤት የትኛው ሙያ አሻራ እንደሚጠየቅበት በሕግ መወሰን አለበት። የአንድ ቢሮ ሹም ደስ ስላለው ብቻ የሰውን መዝገብ ማስከፈት አይችልም ማለት ነው።

እጃቸው በሥራ የተላገ ሰዎች በዚህ መስተዋት ፊት ይቸገራሉ። በዕድሜ ብዛትም ሆነ ዘመን ሙሉ ዕቃ በማጠብ የጣቱ መስመር የጠፋበት ሰው አሻራው «አልተነበበም» ተብሎ ይመለስለታል። ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ በስሙ ይፈለጋል።

በስም የመፈለግን ነገር ካነሣን አይቀር የእኛን ሰዎች ጉዳይ እናንሣ። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ የአባቱን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ይቈጥሩታል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻ አራትና አምስት ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ ጸሐፊ በአንድ ፊደል ይጀምረዋል፣ ሌላው በሁለት። በዚህም ላይ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሰው በዋሽንግተንና በአካባቢው ሞልቶአል። በስም ብቻ የተደረገ ፍለጋ እንግዲህ የጥፋተኛውን መዝገብ ሊያልፈው፣ የሌላውን ሰው ጥፋት ደግሞ በንጹሑ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። አሻራ ግን የፊደል ስሕተት የለበትም። የአሻራው ምርመራ ሰውን የሚያዋርድ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ጥቅሙን ቢያስቡት መልካም ነው፤ ንጹሑን ሰው ከሞክሼው የሚያድነው እርሱ ነውና።

ሁሉም ግዛቶች አንድ ዓይነት ሥርዓት የላቸውም። አንዳንዶቹ አሻራ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ በማመልከቻው ላይ «ተፈርዶብህ ያውቃልን?» ብለው በመጠየቅ ለረጅም ጊዜ ረክተው ኖረዋል። ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚይዘው እውነተኛውን ሰው ብቻ ነው፤ ውሸታሙ «የለም» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። አሁን አዝማሚያው ወደ አሻራው ነው። ለምሳሌ የፍሎሪዳ ግዛት ቀድሞ አሻራ የምትጠይቀው ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ጥቂት ሌሎች ባለሙያዎችን ነበር። በ2024 ያወጣችው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የአእምሮ ጤና አማካሪዎችንም ጨምሮ ፈቃድ የሚጠይቁትን የጤና ባለሙያዎች ሁሉ የሚመለከት ሆኖአል፤ ቀድሞ ፈቃድ ያላቸውም ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ አሻራ እንዲሰጡ ታዘዋል። ከዚህም ሌላ ከ30 የሚበልጡ ግዛቶች የገቡበትና በ2022 የጸና አንድ ውል አለ፤ በአንዱ ግዛት ፈቃድ ያለው አማካሪ በሌላውም እንዲሠራ ያስችላል። የዚህ ውል አባል የሆነ ግዛት አዲስ አመልካቾችን በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ እንዲያስመረምር ግዴታ አለበት። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ጎረቤት በሰጠው ፈቃድ እንግዳ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው ጎረቤቱ እንዴት እንደ መረመረ ማወቅ ይፈልጋል።

እንግዲህ አሻራው ተነብቦ መዝገቡ ላይ ጥፋት ተገኘ እንበል። ምን ይደረጋል? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ አሜሪካኖችም ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል።

በ1878 በኒው ዮርክ ሆከር የተባለ አንድ ሐኪም ሕገ ወጥ ፅንስ በማስወረድ ወንጀል ተከሶ የአሥር ዓመት እሥራት ተፈረደበት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1890ዎቹ ዓመታት፣ ግዛቲቱ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሕክምና እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሆከር በ1896 ሲያክም ተገኝቶ እንደ ገና ተከሰሰ። ጠበቃው «ይህ ሰው ቅጣቱን ከፍሎአል፤ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም» ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም በ1898 በስድስት ዳኞች ድምፅ ለኒው ዮርክ ፈረደ። የፍርዱን ቃል የጻፉት ዳኛ ብሩወር ሐሳባቸው ይህ ነበር፤ ለሐኪም ጠባይ እንደ ዕውቀት ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ክልከላውም ቅጣት ሳይሆን ስለ ጠባይ የወጣ ደንብ ነው። ጥፋተኛ የነበረ ሰው ሊታረም እንደሚችል አልካዱም፤ ነገር ግን ሕግ አውጪው ለሁሉም አንድ ደንብ ለማውጣት ሥልጣን አለው አሉ። ዳኛ ሃርላንና ሌሎች ሁለት ዳኞች ግን ይህ በቀድሞው ቅጣት ላይ ሌላ ቅጣት መጨመር ነው ብለው ተቃወሙ።

ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1957፣ ይኸው ፍርድ ቤት ሽዌር የተባለ የሕግ ተማሪ ያቀረበውን አቤቱታ ሰማ። ሰውየው በወጣትነቱ ብዙ ጊዜ ተይዞ ያውቃል፤ ተፈርዶበት ግን አያውቅም። የኒው ሜክሲኮ ጠበቆች ቦርድ ጠባዩን በመጠራጠር ለፈተና እንዳይቀመጥ ከለከለው። ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሻረ። ግዛት ለሙያ ከፍተኛ ደረጃ ማውጣት ይችላል፤ ነገር ግን የሚከለክልበት ምክንያት ሰውየው ለዚያ ሙያ ከመብቃቱ ጋር የተገናኘ መሆን አለበት፤ መያዝ ብቻውን ደግሞ ጥፋትን አያስረዳም ተባለ። ከሆከር እስከ ሽዌር ያለው መንገድ ትንሽ አይደለም።

ይህ የመያዝና የመፈረድ ልዩነት የሕግ ሰዎች ሙግት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ይስማ። የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ2006 ባወጣው መግለጫ እንደ ተነገረው፣ በብሔራዊው መዝገብ ከተጻፉት የመያዝ ጉዳዮች ፍጻሜያቸው የተመዘገበው ከግማሽ ያህሉ አይበልጡም ነበር። ፖሊስ ሰውየውን የያዘበት ቀን ተጽፎአል፤ ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተበት ወይም ክሱ የተነሣበት ቀን ግን አልተጻፈም። መዝገቡ በር ሲከፈት ጽፎ፣ በር ሲዘጋ የተኛ ጸሐፊ ይመስላል። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በጠብ ተይዞ በማግስቱ የተለቀቀ ልጅ፣ አርባ ዓመት ሲሆነው በዲግሪውና በ3,000 ሰዓቱ ላይ ያች አንዲት መስመር ትጠብቀዋለች።

የመዝገቡ ጉድለት በሌላም በኩል ነው። የኤፍ.ቢ.አይ. አሻራ የሚናገረው በመሠረቱ በአሜሪካ ውስጥ የሆነውን ነው። ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ይሆናል። ቀልቤሳ ነገዎ በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። በኋላ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል ተቀጠረ። ማንነቱን የገለጸው መዝገብ አልነበረም፤ ባሠቃያት ጊዜ ያየችው፣ እርስዋም ስደተኛ ሆና በዚያው ሆቴል ትሠራ የነበረች ሴት ናት ያወቀችው። በ1993 የአትላንታው ፍርድ ቤት ለሦስት ተበዳዮች ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ ፈረደላቸው። ሰውየው ግን ከዚያ ፍርድ በኋላ፣ በ1995፣ የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ2006 ነው። ይህ ሰው አማካሪ አልነበረም፤ ምሳሌነቱ ግን ግልጽ ነው። ያች ሴት ሌሊት የሚያባንናትን ነገር ለመናገር ወደ አንድ የአገርዋ ቋንቋ ተናጋሪ አማካሪ ብትሄድ፣ በሩን ከፍቶ የሚቀበላት ሰው ማን እንደ ነበረ የጣቱ አሻራ ሊነግራት አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የሚከፋ ይመስለኛል፤ ይኸውም በዚያች ዝግ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ጥፋት ወደ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። አማካሪው የታመመችን ሴት እምነት ተጠቅሞ ቢደፍራት፣ ክሱ የእርስዋ ቃል በእርሱ ቃል ላይ ይሆናል፤ እርስዋም በሽተኛ ተብላ የተመዘገበች ናት። እንዲያውም እንዲህ ያለው ድርጊት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ በሕግ መጻፍ የጀመረው በ1980ዎቹ ዓመታት እንደ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ ባሉ ግዛቶች ነው። ከዚያ በፊት ፈቃዱን ለቦርዱ መልሶ ወደ ሌላ ግዛት የሚሻገር ባለሙያ የወንጀል መዝገቡ እንደ በረዶ ነጭ ነበር። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ1990 አንድ ብሔራዊ መዝገብ ሥራ ጀመረ፤ ቦርዶች በጤና ባለሙያዎች ላይ የወሰዱት ርምጃ ይከማችበታል። ፈቃድ ሰጪዎችና ሆስፒታሎች ያዩታል፤ ባለጉዳዩ ግን አያየውም። ባለጉዳይ የሚያየው የየግዛቱ ቦርድ ለሕዝብ የሚገልጸውን የፈቃድ ዝርዝር ነው፤ በዚያም የአማካሪው ፈቃድ የጸና መሆኑና በብዙ ግዛቶች የተወሰደበት ርምጃ ይነበባል። ለምርመራ የሚከፈል ገንዘብ የለውም፤ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት አምስት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው።

እንደዚህ ከሆነ ምርመራው ከንቱ ነው የሚል ይኖራል። በበኩሌ አይመስለኝም። በሕፃናት ላይ በተፈጸመ ግፍ የተፈረደበት ሰው ስሙን ለውጦ የሕፃናት አማካሪ ለመሆን ቢያመለክት የሚያቆመው ከአሻራው የተሻለ ነገር አልተገኘም። አስቸጋሪው መዝገቡን መክፈቱ ሳይሆን ከተከፈተ በኋላ ማንበቡ ነው። ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ። አንዱ ዝርዝር ይዞ ወንጀሉን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ «ይውጣ» ወይም «ይግባ» ይላል። ሌላው ይጠይቃል።

የሚጠይቀውን ዓይነት በሕግ ካሰፈሩት መካከል ኒው ዮርክ ትገኛለች፤ የሆከር አገር መሆንዋ ያስደንቃል። በ1976 ያወጣችው ሕግ ቀጣሪም ሆነ ፈቃድ ሰጪ ቀድሞ የተፈረደበትን ሰው ከመከልከሉ በፊት የሚመዝናቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ጥፋቱ ከሚያመለክትበት ሥራ ጋር ምን ግንኙነት አለው? ጥፋቱ ከተፈጸመ ስንት ዘመን ሆነ? ሰውየው ያን ጊዜ ዕድሜው ስንት ነበር? ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነው? ከዚያ ወዲህ ስለ መታረሙ ምን ማስረጃ ያቀርባል? በዚህ ሚዛን ሲታይ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሐሺሽ ይዞ የተገኘ ሰውና፣ በእርሱ እጅ የነበረችን አሮጊት ገንዘብ የዘረፈ ሰው አንድ ሆነው አይቈጠሩም። ሁለተኛው የበደለው እምነትን ነው፤ አማካሪም የሚሠራው በእምነት ነው።

ሚዛኑ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ የተጠመዱትን በሚረዱት ዘንድ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ያን መንገድ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። ሱሰኛ ከሱስ የወጣን ሰው ከመጽሐፍ ብቻ ከተማረው ይልቅ ያምነዋል፤ «አንተ ምን ታውቃለህ?» ብሎ አያባርረውም። ነገር ግን በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ በፖሊስ ጣቢያም በኩል አልፎአል። አሻራውን ሲሰጥ የሚወጣው መዝገብ እንግዲህ ለሥራው ያበቃው ታሪኩ ራሱ ነው። በዝርዝር የሚያነበው ጸሐፊ ይህን ሰው በሩ ላይ ይመልሰዋል፤ በሌላ ቀን በዚያ በር የሚመጣው በሽተኛ የሚሰማው አያገኝም። ፍሎሪዳን የመሰሉ ግዛቶች ጥፋቱ ቢኖርም መታረሙን አስረድቶ ከክልከላው ነፃ እንዲሆን የሚያመለክትበትን መንገድ በሕግ ከፍተዋል። መንገዱ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ብዙ ወረቀትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጠበቃ ለመግዛት አቅም የሌለውም ሰው ከመካከሉ ይመለሳል።

አንድ ሌላ ነገር መጨመር ይገባል። ቀድሞ ምርመራው እንደ ፎቶግራፍ ነበር፤ የተነሣበትን ቀን ብቻ ያሳያል። በነጋታው የሚሆነውን አያውቅም። አሁን ኤፍ.ቢ.አይ. አሻራውን በመዝገብ ይዞ የሚቆይበት አገልግሎት አለው፤ በዚህ አገልግሎት የገባ ግዛት ባለፈቃዱ ከዓመታት በኋላ ቢያዝ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። ለባለጉዳዩ ጥበቃው የበረታ ነው። ለአማካሪው ግን ጣቱ በመንግሥት እጅ እንደ ተያዘ ይኖራል ማለት ነው፤ ይህን የሚወድ ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አልወደውም ነበር። ነገር ግን በሩን ዘግቶ የሰውን ምስጢር የሚሰማ ሰው ከሌላው ይልቅ ቢጠበቅ የሚበደል አይመስለኝም፤ ከዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው በፈቃዱ ነውና።

ይህን ሙያ በአሜሪካ ለመያዝ የሚማሩ ወገኖቻችን ቢኖሩ አንድ ነገር ያስታውሱ። ከ1973 ጀምሮ ማንም ሰው በኤፍ.ቢ.አይ. ዘንድ ያለውን የራሱን መዝገብ ጠይቆ ማየት ይችላል። ማመልከቻውን ለቦርዱ ከማስገባት በፊት፣ እንዲያውም ለትምህርቱ ገንዘብ ከመክፈል በፊት፣ መዝገቡን አውጥቶ ማንበብ ይሻላል። ፍጻሜው ያልተጻፈ ነገር ቢገኝ፣ ጉዳዩ ወደ ታየበት ፍርድ ቤት ሄዶ የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም መቀበልና ለመዝገብ ቤቱ እንዲታረም ማመልከት ነው። ጸሐፊው የድሮ ፋይል ለመፈለግ ጊዜ ይወስዳል፤ ፋይሉ ወደ ሌላ ግምጃ ቤት ተዛውሮም ሊሆን ይችላል። ግልባጩ ሲገኝ ሁለት ቅጂ መውሰድ ይበጃል፤ አንደኛው ለቦርዱ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከቤት አይወጣም።